አንድ አሥራ ሁለተኛ

ባለፈው ሰኞ ዶፍ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና ሰፈራችን ካለችው ግሮሰሪ ደጃፍ ተጠለልኩ። አስተናጋጁ ቆርኪ የሞላ ባልዲ ይዞ ወጣና ቦዩ ዳር፣ እግሬ ሥር ደፋው። የረጠበ ቆርኪ ሽታ ታውቃላችሁ? የከረመ ቢራ፣ ዝገት፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የለስላሳ ጣፋጭ ነገር። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ዘወር አለ። እኔ ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። «እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ ልጁ። ምን ልበለው? እትዬ ሙሉ ጠፍታብኝ ነው ይባላል?

ጁባ ነበርን። አባዬ ጀበል በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሆቴል ነበረው። ሆቴል የምላት እሱ ሆቴል ስለሚላት ነው እንጂ ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ ባንኮኒና መሀሏ ላይ የማንጎ ዛፍ ያለባት ግቢ ናት። እማዬ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር፤ እኔ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ተብዬ ከአባዬ ጋር ቀረሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል። ትምህርት ቤቴ ጁባ ታውን ስለነበር ጠዋት ጠዋት ዘበኛችን ዋኒ ቦዳ ቦዳ ያስቆምልኛል፣ ሞተረኛውን ቀስ ብለህ ንዳ ብሎ በአረብኛ ያስፈራራልኛል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ማፊ ሙሽኪላ» ይለኛል። ችግር የለም ማለቱ ነው። ዋኒ ዘንድ ችግር ኖሮ አያውቅም።

ችግር የነበረው እኔ ዘንድ ነው፤ ያውም ሒሳብ። ፕሮባቢሊቲ የሚባል ምዕራፍ ጀመርን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ዳይስና ስለ ካርታ ጨዋታ ያወራል። እኔ ዳይስ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ካርታ ደግሞ አባዬ «በቤቴ እንዳላይ» ያለው ነገር ነው። መምህራችን ከኡጋንዳ የመጡ ረጅም ሰው ነበሩ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ወርወር እያደረጉ በሌለ ሳንቲም ያስተምሩናል፤ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሌለውን ሳንቲም ያያል። እኔም ከልቤ ነበር የማየው። ፈተናው ሲመለስ ወረቀቴ ላይ ቀይ በቀይ ነበር። አጣጥፌ አጣጥፌ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ወሸቅሁትና ወደ ቤት መጣሁ።

እትዬ ሙሉ በዚያው ቀን አገኘችብኝ። እትዬ ሙሉነሽ የሆቴላችን ካሸር ነበረች። ከዚያ በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ ስታስተምር የኖረች፣ ባሏ ሲሞት አንድ ልጇን ያሬድን ዩኒቨርሲቲ ላስጨርስ ብላ ጁባ የመጣች ሴት ናት። ወፈር ያለች፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ምላሷ ሚጥሚጣ። ከልምድ ብዛት ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ እንኳን ጠመኔ እንደምታራግፍ ሰው ጣቶቿን እርስ በርስ ታሻሻለች።

«ነይ እስቲ አንቺ ምሁር» አለችኝ። ወረቀቱን ዘርግታ አየችው። ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? የፈረንጅ ቋንቋ ስለለበሰ ነው የፈራሽው። ይሄ ነገር እኛ ዘንድ ይሆንታ ይባላል። በይ ከአባትሽ ካልሲ አንዱን አምጪልኝ። የታጠበውን!»

አመጣሁላት። ባንኮኒው ሥር ካለው ባልዲ ቆርኪ እየዘገነች ቀይ፣ ቢጫና ነጭ መርጣ ካልሲው ውስጥ ጨመረች። «ዓይንሽን ጨፍነሽ እጅሽን ክተቺ። ከማውጣትሽ በፊት ግን ንገሪኝ፤ ቀይ የመሆን ይሆንታው ስንት ነው?» እንዲህ ነው የጀመርነው። ያንን የዝናብ ወቅት ሙሉ እጄ ቆርኪ ቆርኪ ሲል ነው የከረመው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ቢራ የምጠጣ መስሏት ለመምህር ልታሳብቅብኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ። ቀይ ቆርኪ ተደጋግሞ ከወጣ ቀጥሎ ቢጫ መውጣት አለበት ብዬ ድርቅ አልኩ። ተራ የሚባል ነገር አለ አይደል እንዴ? አባዬስ «ሁሉም በተራው ነው» ይል የለ?

«ያወጣሽውን መልሰሽ ጨምረሻል?» አለችኝ እትዬ ሙሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ ካልሲው ምን ያውቃል?»

«ምኑን?»

«ቅድም ቀይ መውጣቱን ነዋ! ካልሲ ነው እኮ ማሂ። የአባትሽ ካልሲ። በምኑ ያስታውሳል?»

ሳቅሁ እንጂ አላመንኳትም። በእኔ ልብ ነገር ሁሉ ተራ አለው፤ የተጎዳ ሰው አንድ ቀን ይካሳል። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያምናል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴላችን ውስጥ ዕጣ ነበር። እሑድ ከሥራ የሚያርፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ የሠራተኞቹ ስም ተጽፎ ይጠቀለልና የስኳር ዕቃ ውስጥ ይገባል። አራት ናቸው፤ እትዬ ሙሉ፣ ወጥ ሠሪው ካሳ፣ አስተናጋጇ ራሄልና ዋኒ። አውጪዋ እኔ ነኝ። ዕጣ የሚያወጣው ልጅ መሆን አለበት፤ ደግሞ የራሱ ስም ውስጡ መኖር የለበትም። ይሄ የትኛውም ሀበሻ ቤት ያለ ሕግ ነው። ካሳ «የልጅ እጅ አያዳላም» ይላል፤ ይበል እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዕጣው በፊት ጠብሶ የሚያጎርሰኝ ድንች ነበረው።

እትዬ ሙሉ ዕጣ አይወጣላትም። ቤተ ክርስቲያን መሳም ትፈልጋለች፤ ነጠላዋን አጥባ፣ ተኩሳ ትጠብቃለች። ይወጣል፣ ካሳ። ይወጣል፣ ዋኒ። «ዛሬስ ያንቺ ተራ ነው እትዬ» እላታለሁ።

«አንድ አራተኛ ነው» ትለኛለች። «ባለፈውም አንድ አራተኛ፣ ዛሬም አንድ አራተኛ፣ ፍልሰታም ቢገባ አንድ አራተኛ። ወረቀት አያዝንልሽም፤ ወረቀት አይቀየምሽም።»

አንዴ ራሄል የወጣላትን እሑድ ልትሰጣት ብላ ነበር። እትዬ ሙሉ እምቢ አለች። «ዕጣ ከወጣ በኋላ አይለወጥም። ይለወጥ ከተባለ ነገ ጉልበት ያለው ሁሉ ያስለውጣል» አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ መለሰችው። እኔ ተናደድኩባት። ሰው እንዴት የተሰጠውን እሑድ አልፈልግም ይላል?

መቁጠርን ያስተማረችኝ ደግሞ በአግዳሚ ወንበር ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ካሳንና ራሄልን ጠርታ ማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ከእኔ ጋር ታስቀምጣቸዋለች። «ሦስት ሰው በአንድ አግዳሚ ላይ ስንት ዓይነት ይቀመጣል?» እንነሳለን፣ እንለዋወጣለን፣ እንቀመጣለን። ስድስት ሆነ። ዋኒ በሩ ላይ ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሀበሾቹ አብደዋል ብሎ ለጎረቤት ዘበኛ ነግሯል።

«አሁን ደግሞ ካሳና ራሄል ሳይለያዩ፣ አጠገብ ለአጠገብ ሆነው፣ ስንት ዓይነት ነው?» አለች መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ።

ራሄል ፊቷ በርበሬ መሰለ። ካሳ «ወይኔ፣ ወጡ አረረ!» ብሎ ወደ ኩሽና ሮጠ። ወጥ አልተጣደም ነበር። እኔ ሁለቱን ጊዜ መሀላቸው መቀመጤን አስታውሼ «አራት!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ሙሉ ግንባሬን ሳመችኝ። የካሳንና የራሄልን መዋደድ ከሁሉ ሰው ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት፤ እኔ ጭራሽ ስለ አግዳሚ ወንበር የምናወራ ነበር የመሰለኝ።

እሷ ራሷ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበራት። ያሬድ በዚያ ሐምሌ ሊመረቅ ነው። ሱክ ጁባ ከሚባለው ገበያ ሰማያዊ ከረባት ገዛችለት። ከረባት ማሰር ግን አታውቅም፤ ባሏም አስሮ አያውቅም ነበር። አባዬን ለምና አሳያት። ከዚያ በኋላ ባንኮኒው ላይ የባዶ ጠርሙስ አንገት ላይ ታስራለች፣ ትፈታለች፣ ደግማ ታስራለች። ደንበኛ «ሒሳብ!» ብሎ ሲጣራ ጠርሙሱ ከረባቱን እንዳሰረ አጠገቧ ቆሞ ነው ሒሳብ የምትቀበለው። የማያውቃት ሰው ዓይኑን ይጠራጠር ነበር።

«የፈለገው ይምጣ፣ በገዛ እጄ ነው የማስርለት» ትላለች።

«የዚህስ ይሆንታው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን፣ ትስቃለች ብዬ።

አልሳቀችም። «አንድ» አለችኝ። «እርግጥ የሆነ ነገር ይሆንታው አንድ ነው። ትኬቴን ቆርጫለሁ።»

ከዚያ ተኩሱ መጣ። አርብ አመሻሽ ላይ ነው የጀመረው። ጀበል ኩጁር ግርጌ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ስለነበሩ እኔ ተራራውን በደማሚት የሚንዱት መስሎኝ «ዛሬ ደግሞ ምነው እነዚህ ሰዎች አመሹ?» ብዬ ካሳን ጠየቅሁት።  ካሳ ማጅራቴን ይዞ መሬት ላይ አስተኛኝ። እሑድ ዕለት ደግሞ እኛው ሰፈር ሆነ።

ስቶር ውስጥ፣ በለስላሳ ሳጥኖች መሀል ተቀመጥን። አባዬ በሩን በቢራ ሳጥን ደገፈው። ዋኒ ሚስቱና ልጆቹ ኮር ዊሊያም የሚባል ሰፈር ስለነበሩ ፋታ ሲያገኝ በአጥር ዘሎ ወደ እነሱ ሄደ። ሲሄድ «ማፊ ሙሽኪላ» አላለኝም፤ እኔን የዚያን ያህል ያስፈራኝ ነገር አልነበረም። እትዬ ሙሉ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ በጆሮዬ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«አራት ቀሚስና ሁለት ጫማ ቢኖርሽ ስንት ዓይነት ለብሰሽ ትወጫለሽ?»

«ስምንት።»

«አንድ ነጠላ ቢጨመርልሽስ? መልበስም መተውም ትችያለሽ።»

ድው! ይላል ውጪ። የጣሪያው ቆርቆሮ ይርገፈገፋል።

«እሱን አትስሚው፤ እሱ አንቺን አልጠየቀሽም። የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ። ስንት?»

«አሥራ ስድስት።»

«ጎበዝ። እስቲ አሁን ዣንጥላ እንጨምርልሽ።»

ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ረጋ ያለ ነበር። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ስለጥፍ ግን ልቧ ሲደልቅ እሰማው ነበር። እትዬ ሙሉም ትፈራለች ለካ! እሷ ከፈራች ማን ሊያድነን ነው ብዬ ጠርሙሶቹ መሀል ተወሽቄ አለቀስኩ።

ተኩሱ በረደ ከተባለ በኋላ ሁልጊዜ እኛ ጋ ምሳውን የሚበላ አንድ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ በመኪና ግቢያችን ገባ። ጺሙ አድጎ አላወቅሁትም ነበር። መደበኛው በረራ እንደቆመ ነው፤ የእትዬ ሙሉ ትኬት ተራ ወረቀት ሆኗል። መሐንዲሱ የሚሠራበት ኩባንያ ግን ለሠራተኞቹ ራሱን የቻለ አውሮፕላን አስመጥቷል፤ እሱ ደግሞ አለቆቹን ለምኖ ለእኛ ሦስት ወንበር አስይዟል። «ነገ ጠዋት ይነሳል። ስም አሁኑኑ ስጡኝ፤ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል» አለን። የያሬድ ምረቃ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ይሄን ግቢው ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

አምስት ነን። አባዬ «እኔን ተዉኝ» አለ። «ይሄን ቤት ጥዬ ብወጣ ስመለስ አጥሩም አይጠብቀኝ።» አራት ቀረን፣ ለሦስት ወንበር። ሁሉም ዝም አለ። አባዬ እኔን አየ፣ እነሱን አየ፣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አባቴን አውቀዋለሁ። ልጄን አስቀድሙልኝ ማለት ከብዶት ነው።

«ምን ያሳስባል?» አለች እትዬ ሙሉ። «አቶ ግርማ፣ ልጅቷ ዕጣ ውስጥ አትገባም። ትሄዳለች፣ አለቀ። በቀሩት ሁለት ወንበሮች እኛ ሦስታችን ዕጣ እንጣጣላለን።»

«እትዬ ሙሉ፣ ያሬድ እኮ...» አለ አባዬ።

«ዕጣ ይዳኘን አልኩ እኮ! የማን ልጅ የማን ልጅ እያልን ልንውል ነው?»

ካሳ «እሷ ያለ ዕጣ ትሂድ» ማለት ይችል ነበር። ራሄልም ትችል ነበር። አልፈርድባቸውም። ራሄልን ከእሑድ ጀምሮ ውኃ እንኳን የምናጠጣት ብርጭቆውን ይዘንላት ነበር።

አባዬ ስማቸውን ጽፎ፣ ጠቅልሎ ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨመረው። ተጠራሁ። እዚያው ቆሜ አሰላሁ። ከሦስት ስም ሁለት ይወጣል። ወይ ካሳና ራሄል፣ ወይ ካሳና እትዬ ሙሉ፣ ወይ ራሄልና እትዬ ሙሉ። ሦስት ዓይነት ነው፤ በሁለቱ ውስጥ እሷ አለች። ሁለት ሦስተኛ! ከግማሽ ይበልጣል። ደግሞ ያን ሁሉ ቅዳሜ ሳይወጣላት ከርሞ ዛሬ እንዴት አይወጣላትም? ልቤ ሞላ። ቀና ብዬ ሳያት እሷም ታየኛለች። ፈገግ አልኩላት፤ መልሱን አግኝቼዋለሁ ለማለት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ራሄል ሆነ። ራሄል እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ሁለት ወረቀት ቀረ። ያ ሁለት ሦስተኛዬ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። እጄን ስከት ሁለቱም ጣቴን ነኩኝ። አንዱን ያዝኩ። ለቀቅሁት። ሌላውን ይዤ አወጣሁ።

ካሳ።

ካሳ ወረቀቱን ከአባዬ እጅ ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ ሙሉ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ የኔን ውሰጂ!» አለ። ከልቡ ነው ያለው፣ ግድግዳ ተደግፎ።

«ዕጣ ከወጣ በኋላ አይለወጥም» አለችው። «ደግሞስ እናንተን ለያይቼ ኃጢአት ልግባ? ሂዱ፣ ተጋቡ፣ የሠርጋችሁን ጠላ አስቀምጡልኝ።» ሁላችንም አፍጥጠን ስናያት «ምን ሆናችኋል? የሞተ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ወደ ኩሽና ገባች። በመስኮት አየኋት። ድስት ታጥብ ነበር፤ ጠዋት የታጠበውን ድስት።

በነጋታው መኪናው ሲመጣ ከረባቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለያሬድ አድርሽልኝ። አስተሳሰሩን አይተሻል፤ አንቺ እሰሪለት።» አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «እትዬ፣ ያንቺን ይዤው ነበር፣ ለቀቅሁት» አልኳት። 

ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ተቆጣችኝ። የምሯን ነው የተቆጣችው። «ምን አስተማርኩሽ? ወረቀት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እጅሽስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በይ ሂጂ። ደግሞ እማማሽን አታስቸግሪ፤ አራስ ናት።»

ቅዳሜ ማለዳ አጎቴ ወደ ያሬድ ዩኒቨርሲቲ ወሰደኝ። ያሬድን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ጥቁር ጋውኑን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ረጅም ስለነበር ተንበረከከልኝ። ሰው ሁሉ ከነእናቱ ነው፤ እናቶች አበባ ይዘው ይገፋፋሉ፣ እልል ይላሉ። እኔ ጣቴ እየተሳሰረብኝ ከረባቱን አሰርኩለት። ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ። ያሬድ ዓይኑን ወደ ዛፎቹ አድርጎ ታገሠኝ። ማታ እትዬ ሙሉ በስልክ ስታገኘኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቋጠሮው ወደ ጎን አልዞረበትም?» አልዞረም አልኳት። ትንሽ ዞሮ ነበር።

በረራው ሲከፈት ትመጣለች ብለን ጠበቅን። «ከእንግዲህ ምን ያጣድፈኛል? ምረቃው አለፈ። አባትሽን ብቻውን ጥዬው አልመጣም፤ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ» አለች። ነሐሴ ላይ ወባ ያዛት። ጁባ ውስጥ ወባ እንደ ጉንፋን ነው፤ ሁላችንም ታመን ተነስተናል። ያን ክረምት ግን ፋርማሲው ተዘርፏል፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ የምናውቀው ሐኪም አገር ለቆ ወጥቷል። አባዬና ከቤተሰቡ የተመለሰው ዋኒ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ሲያስሱ ዋሉ። ይዘው ሲመለሱ አላወቀቻቸውም። አባዬ ይሄን ሲናገር እስከ ዛሬ ድምፁ ይቆረጣል፤ እኔም አልጠይቀውም።

እማዬ መሞቷን ስትነግረኝ አላለቀስኩም። ወንድሜ አጠገብ ተጋደምኩና ማስላት ጀመርኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? እጄ ጥፋት የለበትም ብላኛለች፤ እሺ። ታዲያ ጥፋቱ የት ነው? እኔ ዕጣ ውስጥ ብገባስ ኖሮ? ስሙ አራት፣ ወንበሩ ሦስት። ከአራት ሰው የሚቀረው አንድ ነው፤ እትዬ ሙሉ የመሄድ ይሆንታዋ ሦስት አራተኛ ይሆን ነበር። እኔ አንዱን ወንበር በነፃ ስለወሰድኩ ግን ሦስት ሰው ለሁለት ወንበር ሆነ፤ ይሆንታዋ ወደ ሁለት ሦስተኛ ወረደ። ቀነስኩት። ልዩነቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። ከእትዬ ሙሉ ላይ አንድ አሥራ ሁለተኛ ወስጃለሁ።

ይሄን ለማን ትናገሪዋለሽ? ለእማዬ ብነግራት ልጄ አበደች ትላለች። ምግብ አልበላ አለኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳን ቁጥሩ አብሮኝ ይተኛል፣ ቀድሞኝ ይነሳል።

አባዬ አስከሬኗን ይዞ መጣ። በሠልስቱ በያሬድ አክስት ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ካሳና ራሄል ጥቁር ለብሰው ሰው ያስተናግዳሉ፤ ካሳ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ያሬድ ከድንኳኑ ኋላ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰም ይላሉ፤ አክስቱ ይሄ ልጅ ታምቆ ሊሞትብኝ ነው እያለች ሰው ትልክበታለች። እኔን ማንም አልላከኝም። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ማሂ፣ ነይ ተቀመጪ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። እንደ ቃል ጥያቄ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። አራቱን ሰው፣ ሦስቱን ወንበር፣ ሦስት አራተኛውን፣ ሁለት ሦስተኛውን። «አንድ አሥራ ሁለተኛ ወስጄባታለሁ» ብዬ ጨረስኩ።

 የያሬድ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እያሰላ ነው። የእሷ ልጅ አይደል?

«ልክ ነሽ» አለኝ። «አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። በጥፊ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ልጅቷ አትገባም ያለው ማነው?» አለኝ። «አባትሽ ናቸው?»

«አይደለም። አባዬ ዝም አለ። እትዬ ሙሉ ናት የተናገረችው፤ ማንም ሳይጠይቃት።»

«ወዲያው ነው ያለችው ወይስ ቆየት ብላ?»

«ቆየት ብላ። ትንሽ ዝም ብላ ነበር።»

ያሬድ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እጄን ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «እማዬ ደብረ ማርቆስ የበግ ዋጋ እንኳን ሳታሰላ አፏን ከፍታ አታውቅም» አለኝ። «አስልታዋለች ማሂ። ያኔ ዝም ባለችበት ጊዜ ነው ያሰላችው። አልወሰድሽባትም፤ እያወቀች ሰጥታሽ ነው።» ይሄን ብሎ ሳይጨርስ ፊቱን ጉልበቱ ላይ ደፋና ጮኾ አለቀሰ፤ ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወጣ።